በደረቅ ግቢ የተማረችው ወንዝ

አንድ ሰው ነበረ። ከወንዝ ማዶ ተወልዶ፣ ከዚያው ከማዶ ሚስት አግብቶ፣ ገበያና መንገድ ወዳለበት ወደ ወዲህኛው ዳር መጥቶ ጎጆ ቀለሰ። ወንዙ ሁለት መሻገሪያ ነበረው። የሰውየው ዘመዶች በላይኛው ይሻገራሉ፣ የሚስቱ ዘመዶች በታችኛው። ሁለቱም ወገን የራሱን መሻገሪያ እንደ ዓይኑ ብሌን ያያል፤ በሌላው የሚሻገረውን ደግሞ እንደ ሞኝ ይቆጥረዋል።

ባልና ሚስቱ ግን እዚህ ጎጆ ከቀለሱ ወዲህ ወንዙን ረግጠውት አያውቁም። ዘመድ በገበያ ቀን ራሱ እየመጣ ይጠይቃቸዋል፤ ማዶ የሚያደርስ ጉዳይም አልነበራቸውም። ስንፍና ነው ብለህ አትፍረድባቸው፤ ኑሮ ሲመች እግር እንዲሁ ነው።

ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቱ ከፍ ስትል መሻገር መማር አለባት ተባለ። ሰውየው በላይኛው ባስተምራት የእናቷ ዘመዶች ይቀየማሉ፣ በታችኛው ባስተምራት የእኔዎቹ፣ እያለ እንቅልፍ አጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። ልጁን ስለሚወዳት በአንዱ ሊያስገድዳት አልፈለገም። በመጨረሻ ከሚስቱ ጋር መከሩና ሁለቱንም ሊያስተምሯት፣ ስታድግ የወደደችውን ልትመርጥ ተስማሙ።

ሰውየው ግቢው ውስጥ አመድ በትኖ ወንዙን ሠራ፣ ድንጋይ ደርድሮም መሻገሪያዎቹን አሳያት። በላይኛው ሰፊውን አለት በግራ ትተሽ ወደ ላይ ሰያፍ ትሄጃለሽ። በታችኛው በአሸዋው ገብተሽ ዓይንሽን ከማዶው ሾላ አትነቅዪም፤ ውኃውን ካየሽ ያዞርሻል። ልጅቱ ብሩህ ስለነበረች አንድ ሳታስቀር በቃሏ ያዘችው። እንግዳ ሲመጣ አባቷ እየጠራ በቃሏ ያስወጣት ነበር፤ ደስታውም ልክ አልነበረውም።

አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት ከማዶ መልእክት መጣ። የሰውየው እናት ደክመዋል፤ የልጅ ልጄን ሳልመርቅ እንዳልሞት ይላሉ። ሦስቱም ወደ ወንዙ ወረዱ። ወንዙ አልሞላም፤ ግን ይጮኻል፣ ድፍርስ ነው፣ ድንጋዩ አይታይም። አባትየው እንግዲህ የወደድሽውን ምረጪ አላት።

ልጅቱ የላይኛውን በቃሏ ወጣችው። የታችኛውንም ወጣችው። እግሯን ግን ከዳር አላነሳችም። ማዶ የቆሙት ዘመዶች ቶሎ በሉ፣ ሴትዮዋ እያለፉ ነው እያሉ ይጣራሉ።

«አባዬ» አለችው፣ «አንተ በየትኛው ነው የምትሻገረው?»

ሰውየው ልጁ ፊት እንደዚያ አፍሮ አያውቅም። እውነቱን ልናገር ቢል በየትኛውም አይሻገርም። ስታድግ ትመርጣለች ሲል የኖረው ራሱ ሳይመርጥ ቀርቶ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን ሰበሰበ፣ በልጅነቱ ወደሚያውቀው ወደ ላይኛው ሄዶ ገባ። ዞሮም እጁን ዘረጋላት። ያዘችውና ገባች፤ እናቷም ሌላውን እጇን ይዛ ተከተለች። መሀል ላይ ተንሸራተተ፣ አብረውት ተንሸራተቱ፣ አብረውት ተነሡ። አሮጊቷ በሕይወት እያሉ ደረሱላቸው፤ እሳቸውም ልጅቱን መረቋት።

ከወር በኋላ እናትየው በተራዋ እጇን ይዛ በታችኛው አሻገረቻት። ልጅቱ ኋላ በየትኛው እንደጸናች አልሰማሁም። ውኃ መፍራቷ ግን ቀረ።

እንግዲህ ይመር ልጄ፣ አንተ ሙስሊም፣ ሚስትህ ክርስቲያን፣ ልጃችንን በየትኛው ሃይማኖት እናሳድጋት ብለህ ጠየቅኸኝ። ጭንቀትህ ገብቶኛል፤ የማይወድ አባት እንዲህ አይጨነቅም። ወንዙ ሃይማኖት ነው። በአመድ የተሠራው ደግሞ ስለ ሁለቱም የምትነግሯት ነገር ሁሉ። አንተን መስጊድ፣ ሚስትህን ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው በሠፈሩ ፈልጌ አላገኘሁም። እኔ አልመርጥላችሁም፤ እሱ የናንተ ነው። ልጅህ ግን አንድ ቀን ክፉ ነገር ይገጥማትና አባዬ፣ አንተ ሲጨንቅህ ማንን ነው የምትለምነው ትልሃለች።

አሁን እኔ ልቅደማት። ለመጨረሻ ጊዜ የጸለይኸው መቼ ነው? ለእኔ አትመልስልኝ። ቤትህ ግባና ለሚስትህ ንገራት፣ እሷም ትንገርህ። ስለ ልጅቱ ከዚያ በኋላ ትመካከራላችሁ።