የበለጥሻቸው ውሻ

ጅራቱን የሚቆላ ውሻ ሁሉ ደስ ብሎታል ያላችሁ ማነው?

በአንድ ወቅት፣ ሌባ በበዛበት ክረምት፣ በለጥሻቸው የምትባል ባልቴት ለእግሯ ሕክምና ወደ ሩቅ ከተማ ሄደች። ግቢዋንና መቻል የተባለውን ውሻዋን፣ አብረዋት ለሚኖሩት ለሟች እህቷ ሦስት ልጆች አደራ ሰጠች። መቻልን ከቡችላነቱ ጀምሮ በእጇ አብልታ፣ በየዓመቱ የእብደት በሽታ ክትባት አስከትባ፣ ቁንጫውን ለቅማ ነው ያሳደገችው። «ቀን ብታስሩትም ማታ ማታ ፍቱት፤ ውሃ አታጓድሉበት» ብላ ወጣች።

ታላቁ ገብረየስ፣ መቻል ለመጣው ሁሉ ጅራቱን ሲቆላ እያየ ይበሽቅ ነበር። «ይሄ ውሻ ነው ወይስ የሠርግ አስተናጋጅ?» አለ። ሰው የሚያይ ውሻ ሰው ይለምዳል ብሎ ከጓሮ፣ ከማገዶ ቤቱ ጀርባ፣ በአጭር ሰንሰለት አሰረው፤ ማታም አልፈታውም። ሰንሰለቱ አንገቱን ልጦ ሥጋው ውስጥ ገባ።

መካከለኛው ሽመልስ እስር ብቻውን ኃይለኛ አያደርግም ባይ ነበር። ከሥጋ ቤት ባመጣው ትርፍራፊ ላይ ሚጥሚጣ እየነሰነሰ አበላው። ውሻው ሲያስነጥስና ሲያላዝን በእንጨት እየጎነተለ «በል እንጂ፣ ወንድ ሁን!» ይለው ነበር። መቻል ጥላ ባየ ቁጥር መጮኽ ሲጀምር ሽመልስ ለሰፈሩ ሁሉ ጉራውን ነዛ።

ታናሹ ተድላ የእንስሳት ጤና ተማሪ ነው። ውሻው እንቅልፍ ሳይመጣበት ሲያዛጋ፣ ምግብ ሳይቀርብለት ከንፈሩን ሲልስ፣ የዓይኑን ነጭ እያሳየ ፊቱን ሲያዞር አየ። ፍርሃት መሆኑን ያውቃል። ታላላቆቹን ማረም ግን ነውር መሰለው፤ ውሃውን እየቀየረ ዝም አለ።

በመስከረም በለጥሻቸው ተመለሰች። ማንንም ሳትስም፣ ምርኩዟን እየተከለች፣ «መቻሌ!» እያለች ወደ ጓሮ ዞረች። መቻል ጅራቱን ቆላ፤ ጅራቱ ግን እንደ ዱላ ተገትሮ ነበር። አጉረመረመ። እሷ ጎንበስ ብላ አንገቱን አቀፈችው፣ ቁስሉ ላይ። እጇን ነከሳት።

ተድላ «አብዷል!» ብሎ ጮኸና በመጥረቢያ እጀታ አናቱን መታው። መቻል እግሯ ሥር ሞተ።

በለጥሻቸው እጇ በሻሽ እንደተጠቀለለ ለሽምግልና በተጠሩት የሰፈሩ ሽማግሌዎች ፊት ቆማ፣ ሦስቱንም ከቤቴ አስወጣለሁ አለች።

«በአንድ ውሻ ሦስት የሙት ልጅ? አይሆንም፤ ዋናውን በዳይ ለይተሽ እሱን ብቻ አስወጪ» አሏት።

«እኔ ያሰርኩት ለእርስዎው ንብረት ነው፣ እትዬ» አለ ገብረየስ። «ዱላም አላነሳሁበት።»

«እኔስ?» አለ ሽመልስ። «እሱ አስሮ የረሳውን ማን አበላው?»

«እኔ እትዬን አድኛለሁ» አለ ተድላ።

«ከእብደት? ሲከተብ አፉን የያዝክልኝ አንተ አልነበርክም?» አለችው።

አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራርጎ «አንቺስ ሲያጉረመርም አልሰማሽም?» አላት።

«ሰምቻለሁ።»

እንግዲህ ፍረዱ፤ ከቤት መውጣት የሚገባው ማነው? ያሰረው? ሚጥሚጣ ያበላው? ወይስ ሁሉን እያወቀ ዝም ብሎ ከርሞ በመጨረሻ የገደለው?

በለጥሻቸው የሽማግሌዎቹን ምርቃት አልጠበቀችም። ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች።

«የፈለጋችሁትን ምረጡ። የሚወጣውንም የሚቀረውንም፣ እኔን ራሴንም ጭምር፣ ማንንም ይቅር አልልም።»