እትዬ አስካለ የለቀለቀቻቸው ብርቱካኖች

በእኛ አገር ቤቱን ለሰው ዓይን ሲያሰማምር ጓዳው ባዶ የቀረ ሰው ሲያጋጥም፣ ሽማግሌዎች አራት ቃል ጣል ያደርጋሉ። አራቱ ቃል ከየት እንደመጡ ልንገራችሁ፤ ከእትዬ አስካለ ጓሮ ነው።

አስካለ ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ላም ብቻ ያላት ሴት ነበረች። ባሏ የተወላት አሥራ ሁለት የብርቱካን ዛፍ ነው፤ ዓመቱን የምትከርመው በእነሱ ነው። ክረምቱ ሲወጣ የላሟን እበት ከአመድና ከቀይ አፈር ጋር ታቦካና፣ መራራ የሬት ውሃ ጨምራ፣ ግንዶቹን እስከ ወገቧ ድረስ ትለቀልቃቸዋለች። ምስጥ እንዳይወጣባቸው፣ ፍየል እንዳይልጣቸው፣ ፀሐይ እንዳትሰነጥቃቸው። ለቤቷ ግን እበት አይተርፍም፤ የግድግዳው ጭቃ ረግፎ ማገሩ ይታያል።

ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀባት። የባሏ ወንድም፣ አጥር ለአጥር የሚዋሰናት አያ ተገኘ ደግሞ ከሳቅም አለፈ። የእሱ ቤት በየበዓሉ ይለቀለቃል፣ ያብረቀርቃል! «ሴትዮዋ አብዳለች፤ የወንድሜን ቦታ ለእኔ ፍረዱልኝ» ብሎ ሽማግሌ ጠራባት።

ሦስት ሽማግሌዎች በበቅሎ መጡ። ሁለቱ በቅሎዎቻቸውን ከአስካለ ብርቱካን ላይ አሰሩ፤ ሦስተኛው ጥላ ፈልጎ ከአጥሩ ማዶ፣ ካልተለቀለቀው የአያ ተገኘ ብርቱካን ላይ አሰረ። ከዚያ አስካለ ቤት ገብተው ተቀመጡ።

«ምነው ልጄ፣ ሰው ቤቱን ትቶ ዛፍ ይለቀልቃል?» አሏት ትልቁ ሽማግሌ፣ አባባ ይርዳው።

«አባቴ፣ ግድግዳዬ ቢረግፍ ብርድ ነው፤ በጋቢ እችለዋለሁ። ብርቱካኔ ቢላጥ ግን ይደርቅብኛል፤ ያን ጊዜ ምን ልበላ ነው?»

«ሰማችሁ? የእብድ ወሬ!» አለ ተገኘ።

ክርክሩ ረዘመ፤ በቅሎዎቹም ራባቸው። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ፣ የአስካለን ግንድ በቅሎዎቹ አሽትተው ትተውታል፤ ጭረት እንኳ የለበትም። የአያ ተገኘን ግንድ ግን በቅሎዋ ዙሪያውን ግጣ ነጩን እንጨት አውጥታዋለች፤ ሁለት ጣት የምታህል ልጥ ብቻ ቀርታለች።

«ወይኔ ብርቱካኔ!» ተገኘ ራሱን ይዞ ጮኸ።

እኔ ብሆን እሰይ ብዬ ስቄበት ነበር የምገባው! አስካለ ግን ያቦካችውን እበት በእንስራ ገል ይዛ እየሮጠች መጣች። «አያ ተገኘ፣ ያዝልኝ እንጂ! ሳይደርቅ እንድረስለት» አለችና ቁስሉን በእጇ ትለቀልቀው ጀመር።

አባባ ይርዳው ቆመው አዩአት። «ቦታው የአስካለ ነው፤ ማንም እንዳይደርስባት» አሉና፣ የአያ ተገኘን የሚያብረቀርቅ ቤት በከዘራቸው እያሳዩ፣ «ስማ ተገኘ፣ ግድግዳ ለእንግዳ፣ ግንድ ለጓዳ!» አሉት።