መቀመጫ የሌላት ታንኳ

አንድ ሰው ነበረ። በሐይቅ ዳርቻ ይኖር ነበር፤ ከደንገል ታንኳ ይሠራል፤ የታንኳ ሠሪዎችም ሁሉ አለቃ ነበር።

ጥያቄሽን አልረሳሁትም፣ ሰናይት። እናንተ በመሥሪያ ቤታችሁ ለድረ ገጽ ሠሪዎች ደንብ ታወጣላችሁ። ደንቡ ከዓመት ዓመት እየረቀቀ ይሄዳል፤ ብዙዎቹ ሠሪዎች ግን አያነቡትም። አንብበው የተከተሉትም ቢሆኑ በሠሩት ገጽ ላይ ተራው ሰው መንገዱ እንደጠፋበት ነው። «እትዬ፣ ምን ጎደለን?» አልሽኝ። እስቲ ታገሺኝና ይህን ሰው ልጨርስልሽ።

እርሱ አለቃ ከመሆኑ በፊት በዚያ ዳርቻ ሁሉም እንደ ልቡ ይሠራ ነበር። አንዱ ደንገሉን ሳይደርቅ ያስራል፤ ሌላው ማሰሪያውን ያላላል። አንድ ጊዜ አንዲት ታንኳ ሐይቁ መካከል ተፈታችና ሁለት ሴቶች ሰጠሙ። ያን ጊዜ ይህ ሰው ሠሪዎቹን ሰብስቦ ደንብ አወጣ፤ ደንገሉ ይድረቅ፣ ማሰሪያው ይጥበቅ። ደግ ደንብ ነበር፤ ማንም አንድ ጊዜ ሰምቶ የሚይዘው። አለቃ ያደረጉትም በዚህ ነው።

ሠሪዎቹ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ተሰብስበው ጠላ የመጠጣት ልማድ ነበራቸው። አለቃው ስብሰባውን ለማክበር ብሎ አንድ ሥርዓት አስገባ፤ በደንቡ ላይ አንድ ነገር ለጨመረ ሰው የመጀመሪያው ዋንጫ ይቀዳለታል። ስለ ቀነሰ የተቀዳለት የለም፤ ያሰበውም የለም። ሰው ጠላ ይወዳል፤ ከጠላው ይልቅ ደግሞ በጓደኞቹ ፊት ቀድሞ መጠጣትን ይወዳል። አንዱ የታንኳዋ አፍንጫ እንደ ዳክዬ አንገት ይታጠፍ አለ፤ ተቀዳለት። ሌላው ቋጠሮው ሁሉ ወደ ምሥራቅ ይዙር አለ፤ ተቀዳለት። ሦስተኛው «ቋጠሮ» ማለት የገበሬ ቃል ነው፣ በግዕዝ ስም ይውጣለት አለ፤ ለእርሱ ደግመው ቀዱለት። ራቅ ባሉ መንደሮች ያሉ ሠሪዎች ይህን ሁሉ መያዝ ሲያቅታቸው ደንቡን እንዳለ ተዉት። ትርፉን ሲጥሉ ዋናውንም አብረው ጣሉት።

ምርመራውም እንዲህ ነበር። ታንኳ ከውሃ ሲወጣ እንዲደርቅ ዛፍ ላይ ተደግፎ ይቆማል። አለቃው የቆመውን ታንኳ እየዞረ ያየዋል፤ ቋጠሮውን ይነካል፣ አፍንጫውን አንጋጦ ይመለከታል፣ «ደንብ ጠብቋል» ይላል። እውነትም ያምር ነበር። ታንኳ ግን ዛፍ ተደግፎ እንዲታይ አልተሠራም።

አንድ ቀን አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ወደ ዳርቻው መጣ። ማዶ የተዳረች አንዲት ልጅ ነበረችው፤ ወንድ ልጅ ወልዳለች፣ ክርስትናውም በማግስቱ ነው። ስም የሚያወጣው አያቱ ነው ብላ ልካበታለች። በእግር ሐይቁን ዞሮ በማግስቱ መድረስ አይቻልም። ሽማግሌው ከዚያ በፊት በታንኳ ሊሻገር ሲል ውሃ ውስጥ ወድቆ በጭንቅ ነው ያወጡት፤ ስለዚህ ቀዛፊዎቹ ሲያዩት ፊታቸውን አዞሩ።

አንዱ «አባባ፣ ይቅርብዎ፤ ሕፃኑ አድጎ ራሱ ይመጣል» አለው።

«እርሱ እስኪያድግ እኔ የምጠብቀው ይመስልሃል?» አለ ሽማግሌው።

አለቃው ይህን ሰምቶ ቀዛፊዎቹን ገሠጸ። ደንቡን አንድም ሳታጎድል የጠበቀችውን የራሱን ታንኳ ከዛፉ አስወርዶ ውሃው ዳር አስቀመጠለት። ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ዳሰሳት። አፍንጫዋን ዳሰሰ፣ ቋጠሮዎቿን ዳሰሰ፣ እስከ ኋላዋ ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ ቀና አለና፣

«ልጄ፣ መቀመጫው የት ነው?» አለ።

ቀዛፊዎቹ ሳቁ። አለቃው አልሳቀም። ደንቡን ከላይ እስከ ታች በልቡ አነበነበው፤ ስለ መቀመጫ አንዲት ቃል አልነበረችበትም። ደንቡን ያወጡት ሠሪዎች ሁሉ ራሳቸው ቀዛፊዎች ነበሩ፤ ቀዛፊ ደግሞ ቆሞ ነው የሚሄደው። ተሳፋሪ እርጥብ ደንገል ላይ እንደ ምንም ተጣብቆ ይሻገር ነበር። ዝም ያለው ተመችቶት ሳይሆን ሌላ መሻገሪያ ስለሌለው ነው።

አለቃው ነጠላውን አውርዶ የገዛ ዓይኑን አሰረበት። አንዱን ቀዛፊ «ቅዘፍ» አለውና እየዳበሰ ታንኳዋ ውስጥ ገባ።

ቀዛፊው አፍሮ «አለቃ፣ ሰው እያየን ነው» አለው።

«ይይ። የማላየው እኔ ነኝ።»

ጥቂት ርቀው ሄደው ተመለሱ። አለቃው የሚይዘው አጥቶ ሁለት ጊዜ ሊወድቅ ነበር፤ ሲወርድ እስከ ወገቡ ርሶ ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ነበር። ሽማግሌው የጥርሱን ድምፅ ሰምቶ፣ ውሃውስ ደንብ ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቀው።

አለቃው ደረቅ ደንገል ጠቅልሎ አሰረና በታንኳዋ መካከል ከፍ አድርጎ አጋደመው፤ በግራና በቀኝ እጅ የሚይዘው ገመድ ዘረጋ። ያ የዳክዬ አንገት የሚገባውን ሰው ልብስ ስለሚይዝ በማጭድ ቆረጠው። ሠሪዎቹ አጉረመረሙ፤ አንዱማ ዘመድ የሞተበት ያህል አዘነ።

ሽማግሌው ተሻገረ። ማዶ ሲወርድ ልብሱን ዳሰሰ፤ ደረቅ ነበር። በማግስቱ ሕፃኑን ታቅፎ ስም አወጣለት። ቀዛፊዎቹ በአለቃው ስም ይጠራዋል ብለው ነበር፤ እርሱ ግን በገዛ አባቱ ስም ጠራው።

ክረምቱ ወጥቶ ሠሪዎቹ ሲሰበሰቡ አለቃው ሥርዓቱን ገለበጠው። ዛሬ ከደንቡ አንድ ነገር ለቀነሰ ሰው ነው የሚቀዳለት አለ። ያን ቀን ጋኑ ከመቼውም ቀድሞ አለቀ። ከማለቁ በፊት ግን አንዱ ዋንጫውን ዘርግቶ፣ ማሰሪያውንም እንሰርዘው፣ ተሳፋሪ አያየውም አለ።

አለቃው «ዋንጫህን አስቀምጥ» አለው። «የሚሰጥመው ያላየው ሰው ነው።»

እንግዲህ የቀረው ይህ ነበር፤ ደንገሉ ይድረቅ፣ ማሰሪያው ይጥበቅ፣ ተሳፋሪ መቀመጫውን በእጁ ዳስሶ ያግኝ። ምርመራውም ከዛፉ ሥር ተነሥቶ ማዶ ሆነ። ሰው ሲወርድ ልብሱን ይነካሉ፤ ደረቅ ከሆነ ታንኳዋ ደንብ ጠብቃለች። ራቅ ያሉት መንደሮችም ይህን ሰምተው ያዙት፤ ለመያዝ ቀላል ነበራ።

አሁን ወዳንቺ ልመለስ፣ ልጄ። ታንኳዋ ድረ ገጻችሁ ናት። ሽማግሌው ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ይዞ፣ ኔትዎርክ እየተቆራረጠበት፣ ዓይኑ እየደከመ፣ የልጁን የፈተና ውጤት ለማየት የገባ ሰው ነው። ደንባችሁ መኖሩንም አያውቅም። የሚፈልገው መቀመጫውን ነው፤ የቱን እንደሚነካ፣ ሲነካውም ወዴት እንደሚወስደው። እናንተ ገጹን የምትመረምሩት ቢሮ ተቀምጣችሁ፣ በሰፊ ስክሪንና በፈጣን ኢንተርኔት ነው፤ ዛፍ ላይ እንደተደገፈ ማለት ነው። አንቺ ማዶ ውረጂ። ከእንደዚህ ያለ ሰው አጠገብ ተቀመጪ፣ አታስረጂው፣ ዝም ብለሽ እጁን እዪ። የመጣበትን ይዞ ከወጣ ደንባችሁ ሠርቷል። ካልወጣ፣ ቋጠሮውን በግዕዝ ብትጠሩትም አይጠቅመውም። ምስጢሩን ከሌባ የሚጠብቅለትን አንቀጽ ግን እንዳትነኪ፤ እርሱ ማሰሪያው ነው።

እኔ ብዙ አገር ዞሬ ብዙ ደንብ አንብቤአለሁ፤ አብዛኛው ለጠላው የተጻፈ ነው። ሰኞ ስብሰባ አለን ብለሽኛል። አንድ አንቀጽ አስቀንሰሽ ነይ፤ የመጀመሪያውን ዋንጫ እኔ እቀዳልሻለሁ።