ከፊት የሄደችው ሴት

በዐረብ አገር ሁለት ጎሳዎች ደም ተቃብተው ሰባት ዓመት ተገዳደሉ። ሴት መግደል ግን በሁለቱም ዘንድ ነውር ነውና፣ የሚለያያቸውን ሸለቆ በሰላም የሚሻገሩት ሴቶች ብቻ ነበሩ።

የእርቁ ቀን ደረሰ። የአንደኛው ጎሳ አለቃ ሼህ መርዙቅና ሽማግሌዎቻቸው፣ እነዚያ ሁሉ ጀግኖች፣ ጥይት ፈርተው አንዲት ቅቤ ሻጭ መበለት ከፊት አስቀድመው፣ ከኋላዋ ተሰልፈው ተሻገሩ።

መበለቲቱ ሁለት ወንዶች ልጆች ቀብራለች፤ የቀራት አንድ ነው። እሱን የሚያተርፍላት የእርቅ ሐሳብ ነበራትና እርቁ የሚደረግበት ድንኳን ውስጥ ገብታ ከሽማግሌዎቹ መካከል ቁጭ አለች።

ሼሁ ጺማቸውን እያሻሹ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ የእርቅን መንገድ የሚያውቀው ወንድ ነው። ውጪልን!" አሏት። ሽማግሌዎቹም በሳቅ አጀቧቸው።

እሷም መሸፈኛዋን አስተካክላ ብድግ አለች።

"እሺ ጌታዬ፣ እወጣለሁ። ሲመጡ ከቀሚሴ ኋላ ተደብቀው ነበር። መንገዱን የሚያውቀው ወንድ ከሆነ፣ ሲመለሱ እርስዎ ከፊት ይቅደሙ። እኔ ከኋላ ሆኜ አለቅስልዎታለሁ፤ ለቅሶውን እንኳ ሴትን አይከለክሉም።"

ሳቁ ቆመ። ሼሁ ሸለቆውን አሻግረው አዩና፣ ቀስ ብለው ከምንጣፉ ላይ ፈቀቅ አሉላት።