ጭስ የሌለው መንደር

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። የዛሬው ተረት ስልሳ አሞሌ ጨው፣ ሁለት በቅሎና አንድ አንገት የተያዘበት ነው።

በድሮ ዘመን እመት ትርንጎ የምትባል፣ ሁሉን በሒሳብ የምትይዝ ሴት ነበረች። ነጋዴው ባሏ ሲሞትባት ማሯን በሁለት በቅሎ ጭና እሩቅ ገበያ ወጣች። በጨው ለውጣ ካልተመለሰች አምስት ልጆቿ ክረምቱን አይወጡትም። መንገዱን ስለማታውቅ ቢሰውር የሚባል መሪ ያዘች። ቢሰውር አፉ ማር፣ ሆዱ ገደል ነበር።

የነጋዴ ወግ አለ። በር በሚሉት የተራራ ማለፊያ ላይ ሲወጡ ዞር ብለው የመጡበትን ማየት ነው። አገር ሁለት ፊት አላት፤ አንዱ ለሂያጅ፣ አንዱ ለተመላሽ። የኋላውን ያላየ ሲመለስ ይጠፋል።

በመጀመሪያው በር ላይ ቢሰውር፣ «እመቴ፣ ፊት ፊቱን እዪ! ሐይቁ እንዴት ያበራል!» አላት። አየች። መጫኛ አጠብቃለሁ ብላ ጎንበስ አለችና በበቅሎዋ ሆድ ሥር ወደ ኋላም አየች፤ ገደል አፋፍ ላይ የዘመመ ዋርካ።

በሁለተኛው በር ላይ፣ «እመቴ፣ ከተማውን እዪ! ቤቱ እንደ እንጉዳይ ፈልቷል!» አላት። አየች። መጫኛ አጠበቀች፤ ከኋላ ቀይ ገደል።

በሦስተኛው በር ላይ፣ «እመቴ፣ ገበያውን እዪ! ሰዉ እንደ ጉንዳን ነው!» አላት። አየች። መጫኛ አጠበቀች፤ ከኋላ እንደ አህያ ጆሮ ለሁለት የተሰነጠቀ ተራራ።

«ይህ ሰው ኋላዬን እንዳላይ ለምን ፊት ፊቱን ብቻ ያሳየኛል?» አለች በሆዷ። ከዚያ ወዲያ ፍርሃት ገባት።

ማሯን ሸጣ፣ ስልሳ አሞሌ ጭና ተመለሰች። ሦስተኛው በር ላይ ሲደርሱ ጉም ወረደ። መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። የአህያ ጆሮው በስተቀኝ ብቅ ይላል፤ ቢሰውር ግን ወደ ግራ፣ ወደ ሸለቆው መራት። በጉሙ ቀዳዳ ከታች መንደር ይታያል። ከአንድም ጣሪያ ጭስ አይወጣም።

«አያ ቢሰውር፣ እዚያ ማን ይኖራል?»

«ደጋግ ሰዎች ናቸው፣ እመቴ።»

«ደጋግ ሰዎች እራት አያበስሉም?»

ቢሰውር ሳቀ። ጦሩን ግን ከትከሻው አውርዶ በእጁ ያዘ።

ትርንጎ ቁጭ አለችና፣ «እግሬ አበጠ፤ ቅደምና ማደሪያ ለምንልኝ» አለችው።

«መንገዱን አታውቅ፣ የት ትሄዳለች?» አለ ቢሰውር በሆዱ፤ ወረደም።

ጉሙ ሲውጠው የበቅሎዎቹን ቃጭል በሣር ጠቀጠቀች። ቀኙን ያዘች። ከታች አንድ ፉጨት ሰማች፤ ሦስት ፉጨት መለሰለት። እየሮጠች ሳለ በመንደሩ ያደፈጡ ሽፍቶች ኮቴ ወደ በሩ ሲወጣ ይሰማታል። ከዚያ የቢሰውር ድምፅ፦

«እምላለሁ! አሁን እዚህ ነበረች!»

«ጨዉን ብቻህን ልትበላ ነው?» አሉት። ዱላው ሲያርፍበት ሰማች። ጦሩንም፣ ጋቢውንም፣ ሱሪውንም ገፈው ለብርድ ተዉት።

እሷ ቀይ ገደሉን አለፈች፤ ዋርካውን አለፈች፤ በሦስተኛው ቀን ቤቷ ገባች።

ልጆች፣ የሚያምር ነገር ሲያሳዩዋችሁ እዩ፤ ምን እንደሚሸፍኑባችሁ ደግሞ ጎንበስ ብላችሁ እዩ።

ሒሳቡ ይኸው። ሁለት በቅሎ ሄደ፣ ሁለት ተመለሰ። ከስልሳው አሞሌ ሁለቱ በሩጫው ገደል ገቡ። ለመሪው ሊከፈል የነበረው ሦስት አሞሌ ቤት ቀረ። አንድ አሞሌ አተረፈች። አንገቷም በቦታው አለ። እንቅልፏ ግን እስከ ፋሲካ አልተመለሰም፤ እሱን በኪሳራ ጻፉት።