ስልሳ አራት የተጻፈበት ቴሌቪዥን

በአንድ ወቅት፣ ቴሌቪዥን ያለው ሰው ሰፈሩን ሁሉ ሳሎኑ በሚያስተናግድበት ዘመን፣ ድሬዳዋ ውስጥ ጋሽ ሽብሩ የሚባሉ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነበሩ። እሳቸው የነኩት ሁሉ ይነሣል ይባልላቸው ነበር፤ ከአንዱ በቀር። እሱም የገዛ ራሳቸው ቴሌቪዥን ነው። ዳንቴል ለብሶ ሱቃቸው ጥግ ላይ ሃያ ዓመት ሲያበሽቃቸው ኖረ።

እርጅና ሲጫናቸው ሦስቱን ልጆቻቸውን ጠሩ። «ሱቄ እንደምታዩት ከአንድ ወንበር በላይ አያስቀምጥም። ይህን ጉድ አብርቶ ምስል ላሳየኝ ቁልፉን እሰጠዋለሁ» አሏቸው። ሦስቱም የብየዳ ጭስ እያሸተቱ ያደጉ ናቸውና ከዚያ ወንበር ሌላ የሚመኙት አልነበረም።

ትልቋ ሰናይት ከጀርባው የተመታውን ቁጥር አየች፤ 64 ይላል። አባቷ በስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት የተሠራ ነው ብለው፣ የዚያን ዘመን ቱቦ፣ ማለትም ምስሉ የሚታይበትን ትልቅ መስታወት፣ ሲቀያይሩበት ኖረዋል። አንዱም አልሆነም።

«አባባ፣ ይሄ የት አገር ተሠራ?»

«ፈረንጅ አገር ነዋ!»

«ታዲያ ፈረንጅ በእኛ አቆጣጠር ይጽፋል?»

ጋሽ ሽብሩ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። ቴሌቪዥኑ ካሰቡት በስምንት ዓመት ገደማ ያረጀ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ለአባት የልጅ ጫማ ሲለኩ ኖረዋል ማለት ነው።

መካከለኛው ምንያህል የዚያን ዕድሜ ቱቦ ፍለጋ አገር ላገር ዞሮ ጎንደር አንድ ጡረተኛ ቤት አገኘው። የአውቶቡሱ ረዳት «ጣሪያ ላይ እንጫነው» ቢለው «አባትህን ጣሪያ ላይ ትጭናለህ?» ብሎ ሁለት ትኬት ቆረጠ። ቱቦው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በመስኮት በኩል ተቀመጠ፤ ምንያህልም እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር አቅፎት ድሬ ገባ።

ትንሹ ጎሹ ቱቦውን ገጥሞ ሲያበራው ግን ጭጋግ ብቻ ሆነ፤ በእርጅና ደክሟል። «በቃ፣ ልፋታችን ገደል ገባ» አሉ ጋሽ ሽብሩ፣ ዕንባቸው መጣ። የደከመ ቱቦ በደንብ ሲግል ይነቃልና፣ ጎሹ ቱቦው ውስጥ ለሚግለው ቀጭን ክር ኮረንቲውን በጥቂት በጥቂቱ ጨመረለት። ትንሽ ካለፈ ክሩ ይበጠሳል፣ ሌላ ቱቦ ደግሞ የለም። ምንያህል ማየት አቅቶት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጎሹ እስከ ሠላሳ ቆጠረና ኮረንቲውን ወደ ቦታው መለሰ።

ምስሉ ጥርት ብሎ ወጣ! ኳስ ጨዋታ ነበር፤ የማሊያው ቁጥር ሳይቀር ይነበባል። እልልታው ከሱቁ አልፎ ሰፈሩን አዳረሰ። ጋሽ ሽብሩ ሣጥኑን ሳሙት፣ ልጆቻቸውን እያገላበጡ ሳሙ፣ ወገባቸውን ረስተው ዘለሉ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አያውቅም።

ከዚያ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ።

«ዕድሜውን ባላውቀው ዛሬም የማይሆን ቱቦ ትፈልጉ ነበር» አለች ሰናይት።

«ያለ ቱቦ ዕድሜው ምን ያሳያል?» አለ ምንያህል።

«ያመጣኸውማ ጭጋግ ነው» አለ ጎሹ።

ሦስቱም እውነታቸውን ነው። ጋሽ ሽብሩ ቁልፉን እንደያዙ እጃቸው ተዘርግቶ ቀረ።

እስቲ እናንተ ፍረዱላቸው፦ ዕድሜውን ላወቀችው፣ ቱቦውን አቅፎ ላመጣው ወይስ ሕይወት ለዘራበት፣ ቁልፉ ለማን ይገባል?