የቆርማ ሰዎች ያራዘሙት ሜዳ

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ነበረ። ሥራው አውሮፕላን ማብረር ነው። እነዚያን ውቅያኖስ የሚያቋርጡትን ግዙፎቹን አይደለም። ከመዲናዋ ተነሥተው ወደ ገጠር ከተሞች የሚሄዱትን፣ ክንፋቸው ላይ ፕሮፔለር የሚሽከረከርባቸውን ትንንሾቹን ነው። ዛሬ የቡና ነጋዴ ይጭናል፤ ነገ መምህር፤ ከነገ ወዲያ በቃሬዛ የተኛ ሕመምተኛ። ጠንቃቃ አብራሪ ነበር። ስሙም መርዕድ ይባላል፤ ካፒቴን መርዕድ።

በዚያ ሰሞን መርዕድ በሚሠራበት አነስተኛ አየር መንገድ ውስጥ አንድ ወሬ ይናፈስ ጀመር። “ልናድግ ነው! አዳዲስ አውሮፕላኖች ሊገዙ ነው! አዲስ ቤዝ ሊከፈት ነው!” ቤዝ የሚሉት ምን መሰላችሁ? አውሮፕላኑ የሚያድርበት፣ አብራሪውና ቴክኒሻኑ ቤት ይዘው የሚኖሩበት ከተማ ነው። እስከዚያ ድረስ አውሮፕላኖቹ የትም ውለው ሲመሽ ወደ መዲናዋ ይገቡ ነበር። የትም አያድሩም።

ታዲያ አብራሪዎቹ ሲገናኙ ሌላ ጨዋታ የለም። ጠዋት ጠዋት ጉም እስኪገለጥ በሚጠብቁበት ክፍል ውስጥ፣ የሻይ ብርጭቋቸውን ይዘው፣ ስለ አዲሱ ቤዝ ይከራከራሉ። ማን ይሄዳል? ማን ኃላፊ ይሆናል? የማን ዕድገት ይቀድማል?

“የሐይቋ ከተማ ናት የምትመረጠው” አለ አንድ ቀን ካፒቴን ሽመልስ። ሽመልስ የመርዕድ የልብ ጓደኛው ነው። “አስፋልት ሜዳ አላት። ለልጆች ትምህርት ቤት አላት። ከዚያ ወዲያ ምን ቀረ?”

“ስለ ቆርማም እየታሰበ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ” አለች ረዳት አብራሪዋ ቃልኪዳን።

ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

“ቆርማ! እዚያ ከማን ጋር ሊኖር ነው? ከጉሬዛ ጋር?” አለ አንዱ አብራሪ።

መርዕድም አብሯቸው ሳቀ። በሆዱ ግን የያዘው ነገር ነበረው። የሐይቋ ከተማ ቤዝ ኃላፊ መሆን ይፈልጋል። ሚስቱማ ያላየችው ቤት መስኮት ምን ዓይነት መጋረጃ እንደሚስማማው መርጣ ጨርሳለች። ይህ ኃጢአት ነው? አይደለም። ማደግን ማን ይጠላል? እናንተስ ትጠላላችሁ?

አለቆቹም መርዕድን ጠሩና፣ “ሁለቱንም ቦታ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ደግመህ እያቸውና በስብሰባው ላይ ያየኸውን ትነግረናለህ” አሉት። እሱ ግን የሚናገረውን ገና ሳይሄድ ወስኗል። “የቆርማ ሜዳ ያጥራል” ሊል ነው። በቃ። በዚህች አንድ ቃል ቆርማ ትወድቃለች፤ የሐይቋ ከተማ ትነሣለች፤ እሱም አብሯት ይነሣል።

ውሸትም አልነበረም። ቆርማ በደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በጫካና በወንዝ መካከል ያለች ትንሽ የቆላ ከተማ ናት። ክረምት ሲገባ የመኪና መንገዷ ይቆረጣል። ሜዳዋ ጠጠር ነው፤ ጫፉም ከሰው ቁመት በሚበልጡ ኩይሳዎች ተዘግቷል። ከዚህ የተነሣ አውሮፕላኑ የሚችለውን ያህል መጫን አይችልም። በጠዋት ያርፋል፤ ያወርዳል፤ ይጭናል፤ ይሄዳል።

በአውሮፕላን እጥረት የተነሣ ከባለፈው በጋ ወዲህ ወደ ቆርማ በረራ አልነበረም። እንግዲህ መርዕድና ቃልኪዳን አንድ ማለዳ ወደ ቆርማ በረሩ። ከደመናው በታች ሲወርዱ ቃልኪዳን አንገቷን ወደ መስታወቱ አሰገገች።

“ካፒቴን፣ ቦታ ተሳሳትን እንዴ?”

“ምነው?”

“ሜዳውን ይመልከቱት።”

መርዕድ አየ። ወንዙ ያው ወንዝ ነው። ጫካው ያው ጫካ ነው። ሜዳው ግን ያ ሜዳ አይደለም! ኩይሳዎቹ የሉም። አሮጌው ሜዳ ያልቅበት ከነበረው ቦታ አንሥቶ አዲስ ቀይ መሬት፣ እንደ ተዘረጋ ሸማ ቀጥ ብሎ፣ እስከ ኮረብታው ግርጌ ድረስ ሄዷል። በግራና በቀኙ ደግሞ ሰው ቆሟል። ወንዱ፣ ሴቱ፣ ሽማግሌው፣ አሮጊቷ፣ የከተማው ሰው በሙሉ።

መርዕድ ከሜዳው በላይ አንድ ጊዜ ዞረ። ደግሞ ዞረ። በመጨረሻም በሚያውቀው በአሮጌው ክፍል ላይ አረፈና ሁልጊዜ በሚቆምበት ቦታ ቆመ። አብራሪ ያልመረመረውን መሬት አያምንም።

ሞተሩ ጸጥ ሲል ወደ አውሮፕላኑ የሮጠ የለም። ሁሉም እንደ ቆመ ያያቸዋል። ከመካከላቸው የአገሩ ሽማግሌ አቶ ዳንሳ ከዘራቸውን ይዘው ቀስ እያሉ መጡ።

“እንኳን ደህና መጣህ ልጄ” አሉት። “ይኸው፣ እንዳልከን አደረግን።”

“እኔ ምን አልኩ አባባ?”

“ረሳኸው? ባለፈው በጋ፣ አንድ እግርህ መሰላሉ ላይ ሳለ ጠየቅሁህ እኮ። ‘ይህ አውሮፕላን እዚህ ቢያድርልን ምናለ?’ አልኩህ። አንተም ‘ሜዳችሁ አጭር ነው አባባ፤ ቢረዝም ኖሮ ይታሰብበት ነበር’ አልከኝ። እኔም አገሩን ሰብስቤ ቃልህን ነገርኳቸው።”

ወገኖቼ ሆይ! መርዕድ ያን ቃል የተናገረው ሽማግሌውን ለማሰናበት ነበር። በሩን ዘጋ፤ ሞተሩን አስነሣ፤ ደመናው ላይ ሳይደርስ ረሳው። እነሱ ግን አልረሱትም።

“ማን አዘዛችሁ?” አለ መርዕድ።

“አንተ ነሃ!”

“መቆፈሪያ ማሽኑንስ ከየት አገኛችሁት?”

“የምን ማሽን?” አሉ አቶ ዳንሳ። “ኩይሳውን በዶማ አፈረስነው። ወደ ገበያ የሚመጣ ሰው ሁሉ ወንዙን ሲሻገር አንድ አንድ ድንጋይ አንሥቶ ይመጣል። ቅቤ የተሸከመችም፣ ፍየል የሚነዳም። ከገበያ መልስ ደግሞ ከበሮ እየመታን፣ እየጨፈርን አፈሩን በእግራችን ረገጥነው። ሠርግ እንኳ ሲኖር ሙሽሮቹን እዚህ አምጥተን ነው ያስጨፈርናቸው።”

መርዕድ በአዲሱ መሬት ላይ መራመድ ጀመረ። በተረከዙ መታው። አልሰመጠም። ትንሽ ሄዶ ደግሞ መታው። ጠንካራ ነው። ባርኔጣውን አወለቀና ተንበርክኮ በመዳፉ ዳሰሰው። ከዚያ መዳፉን አገላብጦ ቀዩን አፈር አየ፤ አየ። ከሰማይ ሆኖ ብዙ ተአምር አይቷል። ከደመና በላይ ፀሐይ ስትወጣ አይቷል፤ መብረቅ ከበታቹ ሲያበራ አይቷል። እንዲህ ያለ ነገር ግን አላየም።

ከሜዳው ዳር አንዲት ሴት ጎንበስ ብለው ጠጠር ይደለድላሉ። አውሮፕላን መጣ ብለው ሥራቸውን አላቆሙም። ወይዘሮ አስካለ ይባላሉ።

“እናቴ፣ አይደክምዎትም?” አላቸው።

ቀና አሉ። “ምራቴን ምጥ ጠናባት ልጄ። በቃሬዛ ተሸክመን እዚህ ስናደርሳት አውሮፕላኑ ተነሥቶ ከኮረብታው በላይ እናየዋለን። ጮኽን፤ ማን ይስማን? ተመልሶ እስኪመጣ አልቆየችልንም። የሚያድር ቢሆን ኖሮ…” ጎንበስ ብለው ጠጠሩን ደለደሉ። “የእኔዋ ሄዳለች። የሰው እንዳትሄድ ብዬ ነው።”

የትኛው ቀን እንደነበረ ሊጠይቃቸው አፉን ከፈተ። ያን ቀን ያበረረው ማን ይሆን? ፈራ። አልጠየቀም።

ቃልኪዳን ዕንባዋን እየጠረገች ወደ አቶ ዳንሳ ዞረች። “አባባ፣ ገና እኮ የተወሰነ ነገር የለም። ባንመጣስ?”

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። “እናንተ ባትመጡ ሌላ ይመጣል ልጄ። ማረፊያ ካለ የሚያርፍ አይጠፋም።”

የስብሰባው ቀን ደረሰ። መርዕድ ተነሣና ያየውን ተናገረ። ድንጋዩን፣ ጭፈራውን፣ ወይዘሮ አስካለን። ያቺን በቸልታ የወረወራትን ቃሉን ሳይቀር ተናገረ። ያ ቆርማ ሲባል በሳቅ ያውካካ ሁሉ ራሱን አቀርቅሮ ሰማው።

“መርዕድ” አለው ሽመልስ ሲወጡ፣ “የሐይቋን ከተማ የምትመኘው አንተ አልነበርክም እንዴ?”

“ነበርኩ” አለ። “ያኔ ቆርማን አላየኋትማ።”

“ስትመላለስባት ኖረህ?”

“ሳርፍባት ነበር እንጂ አላየኋትም።”

ነገሩ ምን ሆነ? መሐንዲሶች ተላኩ። “የጎርፍ መውረጃ ይቀረዋል፤ በማሽንም ይዳመጥ፤ መሠረቱ ግን መልካም ነው” አሉ። ትልቁ ቤዝ በሐይቋ ከተማ ተከፈተ፤ ኃላፊውም ሽመልስ ሆነ። ለቆርማ ደግሞ ትንሽ ቤዝ ተፈቀደላት። አንድ አውሮፕላን ያድርባታል። “ማን ይሄዳል?” ሲባል መጀመሪያ እጁን ያነሣው መርዕድ ነበር። ሚስቱ ነገሩን ስትሰማ “ቤቱ መስኮት አለው?” ብላ ጠየቀችው፤ ሄደችም።

አውሮፕላኑ በቆርማ ባደረ በመጀመሪያው ሰሞን፣ ገና ወፍ ሲንጫጫ፣ ምጥ የጠናባትን አንዲት ሴት በቃሬዛ ይዘው መጡ። የቃሬዛውን አንድ ጫፍ የያዙት ወይዘሮ አስካለ ነበሩ። አውሮፕላኑ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ብርሃን እንደሆነ ተነሡ። ከጥቂት ቀን በኋላ ያቺ ሴት በሁለት እግሯ ወረደች፤ ሕፃን ታቅፋለች።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ።

እነዚህ ሰዎች ያን ሁሉ ያደረጉት በማን ቃል ነው? በሰው ቃል! ያውም ተናግሮ በረሳ ሰው ቃል! እንግዲህ ልጠይቃችሁ። ተናግሮ የማይረሳው፣ ቃሉ መሬት የማይወድቀው አምላክ ለእናንተ ሲናገር ምን አደረጋችሁ? “አሜን” አላችሁ። ከዚያስ?

እኔ ስንቱን ጸሎት አብሬያችሁ ጸለይኩ! አንተ “ከወንድሜ ጋር አስታርቀኝ” ትላለህ፤ ስልኩን ግን አታነሣለትም። አንቺ “ጌታ ሆይ፣ ትዳሬን አድስልኝ” ትያለሽ፤ ባልሽ ሲናገር ግን ፊትሽን ታዞሪያለሽ። ጸሎታችሁ ወደ ላይ ይወጣል፤ መልሱ ወርዶ የሚያርፍበት ቦታ ግን አላዘጋጃችሁም።

እዚህ መካከል ልጃቸው በሱስ ተይዞ ከቤት የወጣባቸው አባትና እናት አሉ። አውቃችኋለሁ። በየሳምንቱ ፊት ለፊቴ ተቀምጣችሁ ታለቅሳላችሁ። “ይመለስልን” ትላላችሁ። ክፍሉን ግን የዕቃ ማከማቻ አድርጋችሁታል፤ ልብሱን ለሰው ሰጥታችኋል። ዛሬ ቢመጣ የት ይተኛል?

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ በቀጥታ ወደ ቤታችሁ ሂዱ። ክፍሉን ጥረጉ። አልጋውን አንጥፉለት።